ዜሮ በሆነበት ቦታ ሁሉ

በዚያ ክረምት ሰማዩ ጨከነ። መካነ ሰላም ላይ የዝናብ መረጃ በኮምፒውተር የሚያጠናቅረው አህመዲን፣ ሠንጠረዡን በከፈተ ቁጥር ከላላ ወረዳ ላይ ዜሮ ያያል። እናቱ ጠይባ የምትኖረው እዚያ ነው፤ የቀራትም ጎታ ውስጥ ያስቀመጠችው የጤፍ ዘር ብቻ ነው።

«ዞን ዜሮ አይወድም አልኩህ! ዛሬውኑ አስተካክለው» አለው ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ።

አህመዲን ጨነቀው። ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ትእዛዝ ጻፈ፦ ዝናቡ ዜሮ በሆነበት ቦታ ሁሉ ሃያ ተካ። የትኞቹን ቦታዎች ማለቱ እንደሆነ ግን አልገለጸም።

ዜሮዎቹ ከመጥፋታቸው ስልኩ ጮኸ።

«አህመዲኔ፣ ዘነበልን!» አለች እናቱ።

«አልሐምዱሊላህ! ታዲያ ለምን ታለቅሻለሽ?»

«ቤት ውስጥም እየዘነበ ነው።»

«ጣራው አፍስሶ ነዋ።»

«እህትህ ከጅዳ በላከችው ብር ያለበስነው አዲስ ቆርቆሮ? ወላሂ ጠብ አላለም! ጎታውን ብከፍተው ውስጡ ይዘንባል። ዘሬ አለቀልኝ ልጄ፤ ደግሞ ደረቴን…»

ሳል አቋረጣት። ውሃ ውሃ የሚል ሳል ነበር።

አህመዲን «እማዬ!» ሊል አፉን ሲከፍት፣ ከድምፁ በፊት ውሃ ወጣ።