አማቷ የሚጠሩት ስም

ቄሱ የፊተኛውን ሕፃን አጥምቀው ሳይጨርሱ ኬምባባዚ ልጇን ታቅፋ ብድግ አለች። ተራዋ ገና ነው። ባሏ ቱሪያቱንጋ ቀሚሷን ጎተት እያደረገ ቁጭ እንድትል ቢለምናትም አልሰማችውም። ዐሥር ዓመት ቁጭ ብላለች፤ ይበቃታል።

ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሏል። ከሰዉ ግማሹ የመጣው ጥምቀቱን ሊያይ ሳይሆን ስሙን ሊሰማ ነው። በኪጋ ሕዝብ አገር ስም የሚወጣው ለልጁ ብቻ አይደለም፤ ያስቀየመ ጎረቤት ይነገርበታል፣ ክፉ ዘመድም ይሰማበታል። ኬምባባዚ ያዘጋጀችው ስም ንዲያናቦ ነው፤ ከሚጠሉኝ ጋር እበላለሁ ማለት። ለባሏ እህት በምስጢር ነግራታለች፤ በሁለት ቀን ኮረብታውን ሁሉ እንደሚያዳርስ እያወቀች።

ስሙ የወጣው ለአማቷ ለኬዝያ ነው። በየገናው ሥጋ ሲከፋፈል ኬዝያ ሌሎቹን የልጆቻቸውን ሚስቶች ከአዋቂዎቹ ጋር ያስቀምጡና ኬምባባዚን ከሕፃናቱ ሳህን ይደባልቋት ነበር፤ ያልወለደች ሴት ገና ልጅ ናት እያሉ። ሠላሳ ዓመት የሞላት ሴት ንፍጣቸውን ካልጠረጉ ልጆች ጋር አጥንት ስትሻማ ቤተ ዘመዱ ይስቃል። አንድ ገና ላይማ ባሏም ሳቀ።

ኬዝያ እሁድ በመጣ ቁጥር ከመቀመጫቸው ተነሥተው በጉባኤው ፊት ጌታን ያመሰግናሉ። ዛሬም አልቀረላቸውም።

«ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ጌታ ይመስገን» አሉ፣ የሐር ቀሚሳቸውን መቀነት እያጠበቁ። «ይህ ልጅ የጉልበቴ ዋጋ ነው። ዐሥር ዓመት ሙሉ ተንበርክኬ ለመንኩ። ጌታ አመስጋኟን አልረሳኝም።»

ጉባኤው አሜን አለ። የኬምባባዚ ደም ፈላ። ተንበረከኩ አሉ! ለልጃቸው ሌላ ሚስት ሲያፈላልጉ ጫማቸው አለቀ እንጂ ጉልበታቸው ምን ሆነ?

ቄሱ ጠሯት። በፊተኛው ወንበር በኩል ስታልፍ ኬዝያ እጇን ያዝ አደረጓት።

«ያሰብሽውን ስም ሰምቻለሁ፣ ልጄ» አሉ ዝግ ብለው። «ጥሪው፣ ግድ የለም። እኔ ሳሙኤል ነው የምለው። ያ ስም ከኔ አፍ አይወጣም።»

እጇን አስለቅቃ ሄደች። እስከ ማጥመቂያው ያለው መንገድ ዐሥር እርምጃ ቢሆን ነው፤ በዐሥሩ እርምጃ ነገሩን አገላበጠችው። አሮጊቷ እውነታቸውን ነው። የራሱን ስድብ አፉን ሞልቶ የሚጠራ ማን አለ? ስሙን የሚሸከመው ልጇ ብቻ ሊሆን ነው፤ እሳቸው ሳሙኤል ብለው ያመልጣሉ። ማምለጥማ የለም።

ቄሱ ሕፃኑን ተቀብለው ስሙን ጠየቋት።

«ሳሙኤል» አለች። ቀጥላም ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ሳሙኤል ቱምዌባዜ።»

እናመስግነው ማለት ነው። ጭቅጭቅ ሊሰማ የመጣው ሰው ቅር አለው፤ ከኋላ አንዱ እንደውም ሳል አለ። ነገሩ የገባቸው ኬዝያ ብቻ ናቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ። እሁድ እሁድ ከአፋቸው የማይጠፋውን ቃል ትተው ሳሙኤል ብቻ ቢሉ ሰው ምን ይላቸዋል? ለምሳ ሲጠሩት፣ ከዝናብ ግባ ሲሉት፣ በእርጅናቸው ውኃ አቀብለኝ ሲሉት፣ እስኪሞቱ ድረስ ገና ልጅ ናት ይሏት የነበረችው ሴት በወለደችው ልጅ ጌታን ያመሰግናሉ። ይጥሩት፣ አለች ኬምባባዚ በልቧ። ጉሮሯቸው እስኪደርቅ ይጥሩት። ደስታው እስከ ጣቶቿ ጫፍ ወረራት።

ውኃው አናቱ ላይ ሲፈስ ሕፃኑ ጩኸቱን ለቀቀው። ቄሱ መልሰው አስታቀፏትና ፈገግ አሉ።

«በስሙ እየጠራሽ አባብይው እንጂ፣ እናቱ።»

አፏን ከፈተች። ቃሉ አልወጣም። ከፀነሰችበት ቀን አንሥቶ አማቷ የሚያፍሩበትን ሰዓት ስታልም፣ ስም ስትመርጥ፣ ስም ስትጥል ከርማለች። ምጡ ሲይዛትም ያሰበችው ኬዝያን ነበር፤ ልጁ ደረቷ ላይ ሲያርፍም ኬዝያን። አንድ ቀን እንኳ ተመስገን አላለችም።

ልጁ ይጮኻል፤ ኬዝያም ከፊተኛው ወንበር ላይ ሆነው አፏን አፏን ያያሉ።