የጣሳው አፈር

ተቆጣጣሪዋ ከምሳ በኋላ ትመጣለች፤ ድመቴ ዳማ ግን እስካሁን አልጋ ስር ናት። ከተማው ውስጥ አፈር ከተከለከለ ወዲህ ድመት ያለው ሁሉ ራሱን የሚያጸዳ የድመት ሽንት ቤት ማስገባት ግዴታው ነው። አልለምድ ያለች ድመት ትወሰዳለች።

"አፈር ስሆንልሽ፣ ግቢ!" ብዬ ለመንኳት። ማሽኑ ጉርር ሲል እሷም እኔም ደነገጥን።

ጎረቤቴ ጋሽ መንበሩ ገቡና አሸተቱ።

"በበረኪና አጠብሽው?"

"ታዲያ ሽንት ቤት በምን ይታጠባል?"

"አንቺ ልጅ! ድመት የምታውቀውን ሽታ ነው የምትፈልገው። አለቅልቂውና የለመደችውን አፈር ጣል አድርጊበት።"

ዓይናቸው መጋረጃው ጀርባ ወደደበቅኩት የጤና አዳም ጣሳ ሄደ። ዳማ ተደብቃ የምትጭረው እሱን ነው። ግቢያችን ሲፈርስ ጤና አዳሙን ከነአፈሩ ያወጣችው እናቴ ነበረች። እሷን ስንቀብር እንኳን አፈር አላለበስናትም፤ ተከልክሎ ነበር።

የማሽኑን ሳጥን አለቀለቅኩት። ጤና አዳሙን ነቅዬ አፈሩን በተንኩበት። ዳማ ወጣች፣ አሸተተች፣ ጫረች፣ ተጸዳዳች፤ ከዚያም ቀስ ብላ አፈር አለበሰችው። ማሽኑ ጉርር አለና ሁሉንም ዋጠው። አረንጓዴው መብራት በራ።

"ይኸው፣ ለመደች!" አሉ ጋሽ መንበሩ።

ዳማ ግን ተመልሳ ባዶውን ሳጥን ትጭር ጀመር።

በሩ ተንኳኳ። የጤና አዳሙ ሥር ላይ የቀረችውን አፈር አራግፌ በቀኝ እጄ ጨበጥኳትና በግራዬ ከፈትኩ።

ተቆጣጣሪዋ ፈገግ ብላ ለሰላምታ እጇን ዘረጋችልኝ።