ስምንቱ ፑንቴሪያና የበሩ ዘበኛ

"አባቴ ይሙት አዲስ ነው፤ ፋብሪካው ካሸገው ወዲህ የሰው እጅ አልነካውም።"

ባለ ጋራዡ ይህን ያለው ካርቶኑን መምህርቷ ፊት ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠ ነው…

እሷ ግን የምታየው ካርቶኑን ሳይሆን አፉን ነበር።

ይሄው ሰው ባለፈው ሳምንት አባቴ ሞቷል ብሏታላ!

ነገሩ እንዲህ ነው…

መኪናዋ የሟች አባቷ ናት፤ በዕድሜ ከመምህርቷ አታንስም። ሌላ ሰው ቢሆን በኪሎ ይሸጣት ነበር። የመምህርቷ ባል ግን ኩላሊቱ ደክሞ በሳምንት ሦስት ቀን ደሙን ለማሳጠብ በዚህችው መኪና ሐኪም ቤት ይመላለሳል።

ለእሱ መንገድ ላይ የምትቆም መኪና መኪና አይደለችም… ሞት ናት።

ሞተሯ መንኳኳት ሲጀምር የአባቷ ቃል ትዝ አላት። ይቺን መኪና ከአባ ሚሊ በቀር ማንም እንዳይነካት ይሉ ነበር። አባ ሚሊ የቅጽል ስም ነው፤ ብረት ሲሞርድ ፀጉር የምታህል፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ስህተት እንኳ አታመልጠውም ስለሚባል ነው እንዲህ ያሉት።

ጠያይቃ ጋራዡን አገኘች። በር የከፈተላት አንድ ከሲታ ዘበኛ ነው፤ ካፖርቱ ሁለት ሰው ይይዛል። መኪናዋን ሲያይ ቆቡን አውልቆ ኮፈኗን ዳበስ ዳበስ አደረጋት… እንደ ሰው ልጅ።

ውስጥ ገብታ አባ ሚሊን ስትጠይቅ ባለ ጋራዡ አንገቱን ደፋ። አባቴ ነበሩ፣ አረፉ አላት። ደንግጣ እግዚአብሔር ያጥናህ አለችው።

አሜን ብሎ ተቀበላት ወገኖቼ…

ሞተሩ ወረደ። ሞተሩ ውስጥ የሚዞረው ዘንግ፣ ካምሻፍቱ፣ ተሞርዶ ደህና ሆነ። ስምንቱ ፑንቴሪያ ግን አልቋል፣ ጥለነዋል አላት። ፑንቴሪያ አውራ ጣት የምታክል ብረት ናት፤ ካምሻፍቱ ሲዞር ይገፋታል፣ እሷም ሞተሩ የሚተነፍስበትን ቫልቭ ትከፍታለች። መምህርቷ የዋህ ናት፤ የተሞረደም ቢሆን ደህና ከሆነ ይግባልኝ፣ እኔ አላፍርም ብላው ነበር። እሱ ፊቱን ቅጭም አድርጎ እዚህ ቤት በአሮጌ አይሠራም አለ።

እናም ካርቶኑን አመጣ። በአባቱም ማለ።

ያ ዘበኛ መጥረጊያውን ተደግፎ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር።

"ልጄ፣ እስቲ ሁለቱን አውጪና ፊት ለፊት አጋጥሚያቸው" አላት።

"አንተ ሽማግሌ፣ በር ጠብቅ ተባልክ እንጂ ሞተር ጠብቅ ማን አለህ?" አለ ባለ ጋራዡ።

እሷ ግን አጋጠመቻቸው።

"ይወዛወዛሉ?"

"ኧረ ድርቅ ብለዋል አባባ።"

ሽማግሌው ቀረብ አለ። የፑንቴሪያ ፊት በጣም በጥቂቱ ጎበጥ ማለት አለበት አላት፤ ዓይን ባያየው እጅ ያውቀዋል። ጎበጥ ያለው ካምሻፍቱ ላይ እየተሽከረከረ ይሠራል። እንዲህ ልሙጥ የሆነው ግን አንድ ቦታ ተገትሮ ካምሻፍቱን ይበላዋል፤ ብናኙም ከዘይቱ ጋር ሞተሩን ሙሉ ይዞራል።

"አሁን ደግሞ ሆዱን እይው።"

አየችው። ውስጡ በምስማር ተጭሯል።

"የጫርኩት እኔ ነኝ። ከዚህ በላይ ቢሞረድ ጥንካሬው ያልቃል ብዬ እንዲጣል ምልክት ያደረግኩበት ነው። ከቆሻሻ ቆርቆሮ አንስቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ፣ ካርቶን አለበሰው።"

መምህርቷ ባሏ ታያት። መኪናዋ ቆማበት… መንገድ ዳር፣ ፀሐይ ላይ፣ ፊቱ አብጦ።

ባለ ጋራዡስ አፈረ? የት አባቱ። እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ እንደገና ጀመረ።

"አባቴ ይሙት እኔ…"

ሽማግሌው መጥረጊያውን ግድግዳ አስደገፈ።

"አንዱን አባት ስንት ጊዜ ትገድለዋለህ፣ ልጄ?"

መፍቻ የያዙት ሁሉ አቀረቀሩ… ሁሉም ያውቁ ነበር።

አባ ሚሊ ማለት ዘበኛው ነው። ጋራዡን በቁሙ ለልጁ አወረሰ፤ ልጁ ካፖርትና መጥረጊያ ሰጠው። ዘይት የጠገበ ጥፍሩ ደንበኛ ፊት ያሳፍረኛል ብሎ።

ሽማግሌው ወደ በሩ ጎጆ ሄዶ የእንቁላል ትሪ ይዞ ተመለሰ። በየጉድጓዱ አንድ አንድ ፑንቴሪያ፤ ስምንት። ከሥራቸው ቁጥር ተጽፏል።

የራሷ መኪና ፑንቴሪያዎች ናቸው! ልጁ ጣል ብሎት ነበር፣ አባ ሚሊ ግን አልጣለም። መኪናዋን በር ላይ ሲያያት አውቋት ነበርና። ተሞርደው ስለማያውቁ አንድ ጊዜ ይችላሉ ብሎ ብረት ወደሚሞረድበት የድሮ ወዳጁ ቶርኖ ቤት ወስዶ ሞረዳቸው።

"እያንዳንዷን ከወጣችበት ቀዳዳ ነው የምንመልሳት" አላት። "ብረት እንኳ ቤቱን ያውቃል።"

ሁለቱን አጋጠመች… እንደ ሚዛን ወዲያ ወዲህ አሉ።

ሞተሩን በዚያው ቀን አስጭና ወደ ቶርኖ ቤቱ ወሰደችው፤ አባ ሚሊ በእጁ ገጠመው። ባሏ እስከ ዛሬ አንድ ቀን አላረፈደም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

እዚህ ላይ ያበቃ መስሏችሁ ነበር አይደል?

ከወር በኋላ መምህርቷ በዚያ ስታልፍ ከበሩ በላይ የአባ ሚሊ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ትልቅ፣ በቀለም። "የአባ ሚሊ ልጅ ጋራዥ፤ የአባት ሙያ በልጅ እጅ" ይላል።

ከፎቶው ሥር ያንኑ ካፖርት ለብሶ በር የሚከፍተው… ራሱ አባ ሚሊ።

አባባ ምንድን ነው ይሄ ብትለው ሳቀ።

"ምን ይደረግ ልጄ፤ ቢያንስ ከሞት ተነስቻለሁ።"

ወገኖቼ፣ እኔ ይህን ስሰማ ምራቄ መረረኝ። አሮጌ ብረት አሮጌ ነው ተብሎ በእውነት ቢሰጥ ያገለግላል፤ የሚገድለው አዲስ ነው ተብሎ ሲሸጥ ነው። አባትን ደግሞ ስሙን ብቻ ወስዶ ሰውየውን በር ላይ መተው… ፈጣሪ አያይም ብሎ የሚያስብ ብቻ ነው የሚያደርገው። አባት ያላችሁ ዛሬ ደውሉለት።

እስቲ ፍረዱ፦ ይህ ልጅ ይበልጥ የከፋ ሥራ የሠራው የቱ ቀን ነው? አባቱን በቁሙ የቀበረው ቀን… ወይስ ፎቶውን በር ላይ የሰቀለው ቀን?