የእማማ ሳቂታ ቀይ ላይተር

ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ይመስላል… ፊደል ከሳትኩም ይቅርታ አድርጉልኝ…

«እንዴ እማማ! ደግሞ አለቀብዎት?!»

አለ አባትየው። መንገድ ዳር ተቀምጦ፣ ሰው ሊጥለው የነበረውን ላይተር ጋዝ እየሞላ ነው ሴት ልጁን የሚያሳድገው…

«ምን ላድርግ የኔ ጌታ… ምድጃዬ ሆዳም ነው!» አሉ እማማ ሳቂታ።

ቀይዋን ላይተር ተቀብሎ ለልጁ ሰጣት። መሙላቱ የእሷ ሥራ ነው…

ሞልታ ስትጨርስ እማማ በርጩማው ላይ ቁጭ ይሉና ፀጉሯን ይጎነጉኑላታል…

እናቷ ከሞተች ወዲህ ፀጉሯን የሚነካ ሌላ ሰው የለም…

አንድ ቀን ግን የእማማ ልጅ መኪናውን አቁሞ ወረደ።

«እማዬ! ለአንዲት ፕላስቲክ ብለሽ ፀሐይ ላይ ትቀመጫለሽ? ይሄ እኮ ሲያልቅ የሚጣል ነው!»

ካርቶን ሙሉ አዲስ ላይተር ገዝቶ፣ እናቱን ይዟቸው ሄደ…

እማማ በዚያው ቀሩ…

ልጅቷ ፀጉሯን ራሷ ልትጎነጉን ሞከረች…

«ምነው ከንፋስ ጋር ተጣላሽ እንዴ?» አላት አባቷ። አልሳቀችም…

ሰነባብተው እማማ ካርቶኑን ታቅፈው ከች አሉ!

«እንካ ሽጠው… ሲያልቅ ግን መልሰው ላንተ እንዲያመጡት ለገዢዎቹ ንገራቸው። ደጄ ያለው ቱቦ በላይተር ሬሳ ታፍኗል! የኔዋን ሙሉልኝ…»

ልጅቷ ላይተሯን እንደያዘች እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«እማማ… ሁልጊዜ ግማሽ ብቻ ነበር የምሞላልዎት… ቶሎ እንዲመጡ ብዬ…»

እማማ አገጯን ይዘው ቀና አደረጓት…

ከዚያ ሳቃቸውን ለቀቁት!

«አይ አንቺ! እኔስ ያንኑ ግማሹን መስኮት ላይ ቆሜ ፍስስ እያደረግኩ አይደል የምጨርሰው? ቶሎ ልምጣ ብዬ!»

«ጋዜን የጨረሳችሁት እናንተ ናችኋ!» አለ አባትየው…

ያን ዕለት ልጅቷ ላይተሯን ለመጀመሪያ ጊዜ ጢም አድርጋ ሞላቻት… ቶሎ ባይመጡስ ብላ ግን ፈራች።

በማግስቱ እማማ መጡ…

ላይተር አልያዙም… ማበጠሪያ ብቻ!

ሲያልቅ ጣሉት የሚሉን ዕቃ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ጋዝና የሚሞላው እጅ ነው የጎደለው… ሰውም ብቻውን ሲሆን እንደዚያው ነው… የሚሞላው ይፈልጋል።

እናንተስ ጣሉት ተብላችሁ ያልጣላችሁት ምን አላችሁ? ኮሜንት ላይ ንገሩኝ…

እኔ ልጀምር… ልጅቷ እኔ ነኝ። አፌ «እማማ» ይበል እንጂ፣ በልቤ የምጠራቸው «እማዬ» ብዬ ነው… ይሄን ለእሳቸውም ነግሬያቸው አላውቅም…