የእንዳለው ደጅ

«ልጅዎ ሞቷል» አለች ፒላር በስፓኒሽ፣ የሽማግሌውን እጅ በሁለት እጇ እንደያዘች። አስጎብኚው ምሥጋናው ሊተረጉም አፉን ከፈተ።

አቶ ከፋለ አፍ አፉን ያዩታል። «ምን አለች? ልጄ ምን ይላል?»

«ሰላም ብሎዎታል። ናፍቀውኛል ይላል።»

ጥፋቱ የራሱ የምሥጋናው ነው። ፒላር ጠዋት ላሊበላ ላይ «ሙጃ ውሰደኝ፣ የእንዳለውን አባት ማግኘት አለብኝ» ስትለው፣ ለምን ብሎ አልጠየቃትም። ከስንት ጊዜ በኋላ የመጣች እንግዳ ናት፤ ደግሞ ከስፔን፣ ደግሞ የላስታን ልጅ የምታውቅ። ደስታው አላስችል ብሎት ከአጥሩ ውጭ «የምሥራች!» ብሎ ጮኸ። ሽማግሌውም «ምሥር ብላ!» እያሉ ከቤት ተንደርድረው ወጡ። የምሥራች ተብሎ በተገባበት ደጅ አሁን መርዶ እንዴት ይነገራል?

ደግሞስ በጠራራ ፀሐይ፣ ያውም በሁዳዴ፣ እህል ላልቀመሰ ሰው? አቶ ከፋለ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። የመርዶ ወጉ ንጋት ላይ ነው፤ ዘመድና ጎረቤት ተጠርቶ፣ ግራና ቀኝ የሚደግፍ ሰው ተዘጋጅቶ።

«ነገርካቸው?» አለች ፒላር። ዓይኗ ቀልቷል።

«እዚህ እንዲህ አይነገርም። ነገ ማለዳ ዘመድ ጠርተን እንነግራቸዋለን። እባክሽ አታልቅሺ።»

ነገሩ ባይገባትም ፊቷን በመዳፏ ጠረገች።

«አገሩ እንዴት ያለ ነው በላት» አሉ አቶ ከፋለ፣ በርጩማቸውን ጠጋ አድርገው።

ይህን መተርጎም ቀላል ነበር። ፒላር ስልኳን አውጥታ ፎቶ እያሳየች ትነግራቸው ጀመር። ኮረብታ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት፤ የድንጋይ ቤቶች፣ አንዲት ምንጭ፣ የደወሉ ግንብ ላይ ወፍ ጎጆ የሠራበት ቤተ ክርስቲያን። ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ጥሏት ሄዷል። ተዘግቶ የነበረውን የፒላርን ዳቦ ቤት እንደገና ያስከፈተው እንዳለው ነው፤ እሱ ሲመጣ ከተማዋ ትኩስ ዳቦ በላች።

«ጎብኚው ሁሉ ባርሴሎናን አይቶ ይመለሳል» አለች። «እኛ ጋ የሚመጣ የለም። እሱ ግን መጣ።»

አቶ ከፋለ ጉልበታቸውን መትተው ሳቁ። «እንደ ሙጃ ነዋ! ፈረንጁ ላሊበላን አይቶ ይመለሳል፤ ሙጃን ማን ያውቃታል? ወይ ልጄ! ከሙጃ ወጥቶ ሙጃ ገባ!»

ምሥጋናውም አብሯቸው ሳቀ። እንዲህ ያለውን ሳቅ ለጠላትም አይስጥ።

የፒላር ጣት ወደ ሌላ ፎቶ አለፈ። ረጅም ነጭ ግንብ ነው፣ በዚያ አገር ሙት የሚቀበርበት፤ ግንቡ ላይ ትናንሽ የእብነ በረድ መዝጊያዎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። አንደኛው ሥር ቀይ አበባ አለ። «እዚህ ነው ያለው» አለች ቀስ ብላ።

«ይኼስ?»

«ቤቱ ነው» አለ ምሥጋናው።

«ምነው ጠበበችበት?» አሉ ሽማግሌው ዓይናቸውን አጥብበው። «ግን ደጁ ላይ አበባ አለው። እናቱን ወጥቶ ነው፤ እሷም ደጇን ያለ አበባ አታሳድርም ነበር።»

ምሥጋናው፣ እስከ ነገ ማለዳ ብቻ፣ እያለ በልቡ ይማጸናል።

ፒላር ግን ዝም ብሎ መቀመጡ ከበዳት። መርዶው ባይነገር እንኳ ያመጣሁትን ልስጥ ብላ ከቦርሳዋ ትንሽ ጨርቅ አወጣችና ሽማግሌው መዳፍ ላይ ፈታችው። ምሥጋናው እጁን ቢዘረጋም አልደረሰም።

ጥቁር ማተብ ነው፤ ከወይራ የተጠረበች መስቀል ተንጠልጥላበታለች። ክሩ በመቀስ ተቆርጧል። ፒላር ማስታወሻ መስጠቷ ነው።

ሽማግሌው መስቀሏን በአውራ ጣታቸው ዳሰሷት። «እኔ ነኝ የጠረብኩለት» አሉ። ከዚያ ፊታቸው ጠቆረ። «ሃይማኖቱን ለወጠ እንዴ? ማተቡን በጠሰ?»

አዎ ቢል እስከ ነገ ማለዳ ይደርስ ነበር። አንዲት ቃል ናት። ነገር ግን ይህን በሙት ላይ ለመናገር የምሥጋናው ምላስ እምቢ አለ።

«የለም፣ አባቴ» አለ። «እንዳለውስ ማተቡን አልበጠሰም።»

አቶ ከፋለ ቀና ብለው አዩት። ምሥጋናው አቀረቀረ።

የሚጮኹ መስሎት ነበር። አልጮኹም። ማተቡን በጭብጣቸው ውስጥ ጠቅልለው ያዙ።

«ሴትዮዋ እህል ቀምሳለች?» አሉ በመጨረሻ።

«ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም።»

«እንግዲያው ጎረቤቴን አመተ ጊዮርጊስን ጥራት፤ የሚበላ ታምጣላት። እስክትበላ ድረስ እንደገባኝ እንዳትነግራት። ይህን ያህል አገር አቋርጣ የመጣች እሷም ሐዘንተኛ ናት፤ በባዶ ሆዷ አትሰማውም።»

ምሥጋናው ሊነሳ ሲል፣ ሽማግሌው በዚያው በሰከነ ድምፅ ቀጠሉ።

«ቅድም ያየናትን፣ ቤቱን፣ ደግማ ታሳየኝ።»

ፒላር ስልኩን አቀረበችላቸው። ማተቡን እንደጨበጡ ወደ ቀዩ አበባ ጎንበስ አሉ።

«ጠይቅልኝ» አሉ። «አበባውን ውሃ የሚያጠጣለት ማነው?»

ምሥጋናው ይህን ቃል በቃል ተረጎመው። ፒላር ሽማግሌውን አየች፣ ጭብጣቸውን አየች፤ ከዚያ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።