ደንቡን ያወጣው ሰውዬ

በሰፈሩ መርዶ የሚነገረው ሰው ሲኖር ቀድሞ የሚጠራው እሱ ነበር። ጨዋታ አዋቂ ነዋ! ጓደኞቹንም ያስተማራቸው እሱ ነው። «መርዶ በባዶ ሆድ አይነገርም። መጀመሪያ አብሉት፣ ቀጥሎ አስቁት፣ ከዚያ ግራና ቀኙን ይዛችሁ ንገሩት» ይላቸዋል።

ስለዚህ ምንውየለትና ደምሰው ገና ጎህ ሳይቀድ በሩን ሲያንኳኩ አልደነገጠም። ጋቢውን ደረብ አድርጎ ከፈተላቸው።

«ዛሬ ደግሞ የማን ቤት ነው?»

«እንደርሳለን፣ ምን አስቸኮለህ» አለ ምንውየለት፤ ከቤቱ ይዞት የመጣውን ትኩስ ጨጨብሳ ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠ። «መጀመሪያ ቁርስ እንብላ።»

እሱም ደስ ብሎት ቀረበ። ሁለት ሦስቴ ከጎረሰ በኋላ ስልኩን አነሳ። «ያ ልጄ መኪናውን ይዞ ከጂቡቲ እየተመለሰ ነው። ማታ ሳይደውልልኝ አደረ፤ እስቲ ልሞክረው።»

«ይቺ ስልክ ጥሩ ፎቶ ታነሳለች አሉ» አለና ደምሰው ከእጁ ተቀብሎ ኪሱ ከተታት።

ሳቀበት። ከዚያ ያንን ስለ ሰካራሙና ስለ በቅሎው የሚያወራውን ቀልድ ጀመረ። ጓደኞቹ ሲሰሙት ስለሰለቻቸው ሁልጊዜ ሳይጨርስ «ኧረ በናትህ ተወን!» ነበር የሚሉት። ዛሬ እስከ መጨረሻው አዳመጡት። ሲጨርስም ከት ብለው ሳቁ። የደምሰው ዓይን ግን ደም መስሏል።

«ብላ እንጂ» አለ ምንውየለት፤ ጨጨብሳውን ወደ እሱ እያስጠጋ።

ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ቀና አለ። ሁለቱ ከመቀመጫቸው ተነሱ፤ ከዚያ አንዱ በቀኙ፣ አንዱ በግራው መጥተው ተቀመጡ።