የፒካፑ ዘር ማንዘር

አባቴና ጋሼ ኸይሩ ስድስተኛው አያት ላይ ይገናኛሉ። አባቴ ጭኑን በደስታ ይመታል። «ያ አላህ! የገዛ ሥጋዬ ሆነህ ነው እስካሁን ዋጋ ስከራከርህ የቆየሁት?» ጋሼ ኸይሩ ከበርጩማው ብድግ ይሉና ይሳሳማሉ።

በእኛ ቤት ገበያ የሚዘጋው እንዲህ ነው። ሻጭና ገዥ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ ይቆጥራሉ፤ አንድ ቦታ ከተገናኙ በቃ፣ ዕቃውን ማን ያየዋል! ጋሼ ኸይሩ ሊሸጡልን ያመጡት ነጭ ፒካፕ ሱቃችን ደጃፍ ቆሟል፤ ኮፈኑ እንኳ አልተከፈተም።

እኔ ግን አላስችል ብሎኛል። ብሩ እኮ የሱቃችን ካፒታልና የእናቴ ወርቅ ነው። ፒካፑን የምንገዛው ለቤሌ ገበያ ዕቃ ልናመላልስበት ነው። የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ ፖሊስ ይወስደዋል፣ እኛም ሱቁን ቆልፈን ቤታችን እንቀመጣለን። አንድ የሁምቦ ነጋዴ እንዲህ ሆኖ ዛሬም በእግሩ ነው የሚሄደው።

«አባ፣ የእሱንስ ዘር ማን ይቁጠርለት?» እላለሁ።

«የማንን?»

«የመኪናውን።»

ጋሼ ኸይሩ ይስቃሉ። አባቴ አይስቅም። ሐጂ ሽኩር ተብሎ በሶዶ የሚከበረው ሰውዬ አዲስ ነገር ሲሰማ ሕፃን ነው የሚሆነው። «መኪናም ዘር አለው እንዴ?»

«አለው እንጂ! አሥራ ሰባት ፊደልና ቁጥር።» ኢንሹራንስ ቢሮ ከተቀጠርኩ ሁለት ዓመቴ ነው፤ የሻንሲ ቁጥር ስሞላ ነው የምውለው። ሊብሬውን ከጋሼ ኸይሩ ተቀብዬ አሳየዋለሁ። «እነዚህ የፊተኞቹ አገሩንና ፋብሪካውን ይናገራሉ። መሀል ያሉት ምን ዓይነት መኪና እንደሆነ። የመጨረሻዎቹ የራሱ መጠሪያ ናቸው፤ ሌላ መኪና አይጠራባቸውም።»

«አገሩማ ጃፓን ነዋ!»

«ኤምና አር ነው የሚጀምረው። ታይላንድ።»

«ወይ ጉድ! ሰማህ ኸይሩ? ታይላንድ ተወልዶ ጃፓን ነኝ ሲለን ኖሯል!»

«ሐጂ፣ ወላሂ መኪናው ንጹሕ ነው» ይላሉ ጋሼ ኸይሩ። «ሊብሬው በስሜ፣ ቦሎው የዘንድሮ።» ፊታቸው ጠቆር ብሏል። ዘመድን መፈተሽ ነውር መሆኑን አጥቼው አይደለም፤ አፍሬያለሁም። ግን አንዴ ጀምሬዋለሁ።

የመኪናውን በር ከፍቼ ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አስተያያለሁ። ይገጥማል። «ዋናው ግን ብረቱ ላይ የተመታው ነው» እላለሁ፤ «ከቀኙ የፊት ጎማ ጀርባ፣ ሻንሲው ላይ።» ቀሚሴን ሰብስቤ ልንበረከክ ስል አባቴ ክንዴን ይይዘኛል።

«ተይ፣ እኔው ልየው።»

ወገቡን የሚያመው ሰውዬ የሳሙና ካርቶን ዘርግቶ፣ ቆቡን አውልቆ በጀርባው ይገባል። «በናፍጣ የራሰ ጨርቅ አቀብዪኝ!» ይጮኻል ከሥር። ጭቃውን ሲፈትግ ይሰማኛል። የእንግሊዝኛ ፊደል የተማረው ከካርቶን ላይ ነው፤ ግን አንድም አይስትም። እኔ ከሊብሬው እጠራለሁ፣ እሱ ከሥር ይመልሳል። አሥራ ሰባቱም ልክ።

«አልሐምዱሊላህ!» እላለሁ። ሊብሬውን አጥፌ ለጋሼ ኸይሩ እመልሳለሁ። ጋሼ ኸይሩም ፈገግ ይላሉ። «አላልኩሽም? በይ አሁን ወደ ምሳ።»

አባቴ ግን አይወጣም።

«አባ፣ አለቀ እኮ።»

«ቆይ እስቲ።» ብረቱን በጣቱ ይዳስሳል። «ሪሀና፣ ቁጥሩ ያለበት ብረት ጠርዝ አለው። ዙሪያውን ጣቴን ያደናቅፈዋል።»

አባቴ አርባ ዓመት ስኳርና ጨው በጆንያ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። መንገድ ላይ ተፈትቶ፣ ከውስጡ ተቀንሶ፣ መልሶ የተሰፋ ጆንያ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ያውቃል። «ይሄ ተፈትቶ የተሰፋ ነው» ይላል። ድምፁ ቀዝቅዟል።

ቀሚሴን ረስቼ አጠገቡ እተኛለሁ። የስልኬን መብራት አበራለሁ። ከአዲሱ ጥቁር ቀለም ሥር የብየዳ መስመር ቁጥሩን በአራት ማዕዘን ይዞረዋል። ቁጥሩ እውነተኛ ነው፤ የዚህ መኪና ግን አይደለም። ከሌላ መኪና ቆርጠው እዚህ በይደውታል። እኔ አሥራ ሰባቱን ቆጥሬ አልሐምዱሊላህ ብዬ ነበር!

ደሜ ይፈላል። ዘልዬ እወጣለሁ። «ጋሼ ኸይሩ! ዘመድ ነኝ ብለው?»

እንዲቆጡ፣ እንዲምሉ ነበር የጠበቅኩት። አባቴ ወጥቶ ያየውን ይነግራቸዋል። ስልኬን ከእጄ ይወስዱና በዚያ በተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ፣ ያለ ካርቶን፣ መሬቱ ላይ ተንጋለው ይገባሉ። ብረቱን በጥፍራቸው ሲቧጥጡ ይሰማል።

«ከማን ነው የገዙት?» እላለሁ። ንዴቴ አልበረደም።

መቧጠጡ ይቆማል።

«ከወንድሜ» ይላሉ ከሥር። «ዛሬ ጠዋት አጥቦ፣ ይቅናህ ብሎ የሸኘኝ እሱ ነው።»

አባቴ ሱሪውን እያራገፈ ነበር፤ ይተወዋል። ልናገር ስል በእጁ ዝም ያሰኘኛል። ካርቶኑን ወደ ጋሼ ኸይሩ ጎን ይጎትትና ወገቡን ይዞ ቀስ ብሎ እንደገና ይንጋለላል። ከውጭ የሚታዩኝ ጎን ለጎን የተዘረጉ አራት እግሮች ብቻ ናቸው።